በሴኡል ቤት ለሚከራይ ሐበሻ፦ የመያዣው ገንዘብ ጉዳይ

በሴኡል የቤት ደላሎች ቢሮ መስኮት ላይ የሚለጠፉት ቁጥሮች መጀመሪያ ሲታዩ የኳስ ውጤት ይመስላሉ፦ 1000/65፣ 500/50፣ 2000/60። ሒሳቡ የሚቆጠረው በአሥር ሺህ ዎን ነው። ስለዚህ 1000/65 ማለት አሥር ሚሊዮን ዎን መያዣ ታስቀምጣላችሁ፣ በየወሩ ደግሞ 650 ሺህ ዎን ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ኪራይ ዎልሴ ይባላል። ጆንሴ የሚል ቃልና አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ግን ወርሃዊ ኪራይ የለም። ቁጥሩ በሙሉ መያዣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከቤቱ ዋጋ ከግማሽ በላይ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ለትምህርት መጥተው ከተማሪዎች ማደሪያ ለሚወጡ ወይም ሥራ ይዘው እዚሁ ለሚቀሩ ወገኖች ነው። እኔ በኮሪያ መንግሥት የትምህርት ዕድል መጥቼ፣ ማስተርሴን ጨርሼ እዚህ ሥራ የያዝኩ ሰው ነኝ። ማደሪያው ውስጥ ሳለን ስለ ቪዛ፣ ስለ ቋንቋ ፈተናው፣ ስለ ጥር ብርድ ሳንነጋገር የምንውልበት ቀን አልነበረም። ስለ መያዣ ገንዘብ ግን የሚያነሳ አልነበረም። እንግዲህ አንድ ሐበሻ ኮሪያ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊያጣው የሚችለው ትልቁ ገንዘብ እሱ ነው። ዘመኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ገጠር ያደገ ወይም የአባቶቹን የመሬት ክርክር እየሰማ ያደገ ሰው ጆንሴን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ወለድ አገድ ነው። አበዳሪው ገንዘቡን ይሰጣል፣ በወለድ ፋንታ መሬቱን እያረሰ ይጠቀማል፣ ገንዘቡ ሲመለስለት መሬቱን ይለቃል። ጆንሴም እንዲሁ፦ ገንዘባችሁን ለቤቱ ባለቤት ትሰጣላችሁ፣ በወለዱ ፋንታ ትኖሩበታላችሁ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላ ገንዘባችሁን ሳይጎድል ተቀብላችሁ ትወጣላችሁ። ዎልሴም ቢሆን መያዣው አነሰ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በውሉ ላይ የሚጻፈው ተከራይ ተብሎ ነው፤ በተግባር ግን ለማታውቁት ሰው ገንዘብ ያበደራችሁ እናንተ ናችሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ጥንቃቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አበዳሪ ከማበደሩ በፊት የሚጠይቀውን እናንተም ትጠይቃላችሁ። ተበዳሪው ማን ነው? ሌላ ዕዳ አለበት? ቢከስር ወረፋዬ ስንተኛ ነው?

ጆንሴ የተስፋፋው አገሪቱ በፍጥነት በኢንዱስትሪ ባደገችባቸው ዓመታት ነው። ያኔ የባንክ ብድር የሚሄደው ለፋብሪካዎችና ወደ ውጭ ለሚልኩ ኩባንያዎች ስለነበር ቤት ለመግዛት የሚያበድር እምብዛም አልነበረም። ቤት የሚገዛ ሰው የጎደለውን ከተከራዩ ወሰደ፤ ወለዱ ከፍተኛ፣ የቤት ዋጋም ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለነበር ለሁለቱም ተስማማ። ችግሩ የሚመጣው ዋጋ ሲወርድ ነው። ማዕከላዊው ባንክ በወረርሽኙ ጊዜ 0.5 በመቶ ያደረሰውን የወለድ መጠን እስከ ጥር 2023 ድረስ ወደ 3.5 በመቶ ሲያሳድገው የቤትና የጆንሴ ዋጋ አብሮ ወረደ። በተከራዮች ገንዘብ በደርዘንና በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችን የሰበሰቡ ባለቤቶች፣ ለሚወጣው ተከራይ የሚመልሱት የሚገባው በሚያስቀምጠው ስለነበር፣ አዲሱ ሲያንስ አሮጌውን መክፈል አቃታቸው። ከመጀመሪያውም ለማጭበርበር ያሰቡ ደግሞ ነበሩ። በኢንቾን ከተማ ሚቹሆል በሚባለው ወረዳ ገንዘባቸውን ያጡ ወጣቶች በ2023 መጀመሪያ ላይ ተከታትለው ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ ነው ፓርላማው ለተጎጂዎች ልዩ ሕግ ያወጣው። መንግሥት በይፋ ተጎጂ ብሎ የመዘገባቸው ቤተሰቦች እስከ 2025 ከ30 ሺህ በልጠዋል። አብዛኞቹ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ኮሪያውያን መሆናቸውን ልብ በሉ።

የኮሪያን ፖለቲካ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከፓርቲዎቹ ፕሮግራም በፊት የአፓርታማ ዋጋ ቢመለከት ይሻለዋል ባይ ነኝ። የፕሬዚዳንት ሙን ጄ-ኢን መንግሥት ከ20 በላይ የቤት መመሪያ አውጥቶ የሴኡልን ዋጋ ማቆም አልቻለም። በ2022 ዩን ሶክ-ዮል በ0.73 የመቶኛ ነጥብ ብልጫ ብቻ ሲያሸንፉ የቤት ዋጋ ቁጣ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እሳቸውም በታኅሣሥ 3 ቀን 2024 ምሽት ወታደራዊ ሕግ አወጁ፤ ፓርላማው በሰዓታት ውስጥ ሻረው፤ በሚያዝያ 2025 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ከሥልጣን አነሳቸው። ወታደራዊ ሕጉ በታወጀ ማግስት ጠዋት ቤት ለማየት ቀጠሮ ነበረኝና ቢሮው ተዘግቶ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። በስድሳዎቹ ውስጥ የምትገኘው ደላላ ግን እንደ ወትሮዋ መስኮቷን እየወለወለች ነበር። ሌሊቱን ቴሌቪዥን ስታይ እንዳደረች ነገረችኝና ወዲያው ያነሳችው ጥያቄ ይህ ነገር ወለዱን ያወርደው ይሆን ወይ የሚል ነበር። በተተኪያቸው በፕሬዚዳንት ሊ ጄ-ምዮንግ መንግሥት ደግሞ በሰኔ 2025 በዋና ከተማው አካባቢ ለቤት መግዣ የሚሰጥ ብድር ከ600 ሚሊዮን ዎን እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በነሐሴ ደግሞ የውጭ ዜጋ ሴኡል ውስጥ ቤት ለመግዛት አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ ተደረገ። ይህ ግዢን እንጂ ኪራይን አይመለከትም። አንዳንድ ደላላ «ለውጭ ዜጋ ተከለከለ» ቢላችሁ አትቀበሉት።

ወደ ሥራው እንግባ። የደላላው ቢሮ ቡዶንግሳን ይባላል። ደላላው ፈተና አልፎ ፈቃድ ያወጣ ባለሙያ ነው፤ የፈቃድ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ መሰቀል አለበት፣ ኮሚሽኑም በሕግ ጣሪያ አለው። እንደ አዲስ አበባው «የአንድ ወር ኪራይ አምጣ» የለም። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስትሰማ ደላላዋ ስለ ቃኘው ሻለቃና ቹንቾን ስላለው የዘማቾቻችን መታሰቢያ አንስታ ቡና አፈላችልኝ። አባቶቻችን ያቆዩልን ክብር ቡና ያስገኛል፤ ከመያዣው ላይ አንድ ዎን አያስቀንስም። አንዳንድ አከራዮች የውጭ ዜጋ አንፈልግም ይላሉ፤ ይህን ደላላዋ ስልኩን ዘግታ ፊቷን እንደ ማዞር እያደረገች ነው የምትነግራችሁ። መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

ዓይናችሁ በአንድ ቤት ላይ ካረፈ ቀጥሎ የሚጠየቀው ደንጊቡ የሚባለው የንብረት መዝገብ ነው። እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ከጽሑፉ ሁሉ የማይታለፈው ይህ ነው። እኛ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን እንደሚያጣራ ሁሉ እዚህ የሚከራይ ሰው ያጣራል። መዝገቡ ምስጢር አይደለም። የፍርድ ቤቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ አድራሻውን አስገብቶ 700 ዎን የከፈለ ሁሉ ያየዋል። ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሕንፃውን ይገልጻል። ጋብ-ጉ የሚባለው ሁለተኛው ባለቤቱን ይነግራችኋል፤ እገዳ ካለም እዚያ ይገኛል። ሦስተኛው፣ ኡል-ጉ፣ ቤቱን አስይዞ የተወሰደውን የባንክ ዕዳ ያሳያል። የባንኩን ዕዳና የእናንተን መያዣ ደምሩና ከቤቱ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ድምሩ ከዋጋው ሰባ በመቶ ካለፈ እኔ ትቼ እሄዳለሁ። ይህ የራሴ መለኪያ ነው፤ ደላላዋ ሰማንያም ቢሆን ችግር የለውም ትላለች፣ ኮሚሽኗን የምታገኘው ግን ስፈርም ነው።

የተማሪ ክፍሎች ባሉበት ሰፈር ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ ባለቤት ያለው፣ ተከፋፍሎ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ሰው የሚከራይ ሕንፃ ዳጋጉ ይባላል። መዝገቡ ለጠቅላላ ሕንፃው አንድ ነው። የባንኩ ዕዳ ይታያል፤ ከእናንተ በፊት የገቡት ተከራዮች ያስቀመጡት መያዣ ግን አይታይም። ሕንፃው በሐራጅ ቢሸጥ እነሱ ከእናንተ ቀድመው ይወስዳሉ። ከ2023 ጀምሮ አከራዩ የነባር ተከራዮችን መያዣ የሚያሳይ ሰነድና ግብር አለመዝለሉን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያቀርብ ሕጉ ያዝዛል። ጠይቁ። አይሰጥም ካለ መልሱን አግኝታችኋል። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ መዝገብ ያለው ሕንፃ፣ ዳሴዴ የሚባለው፣ ለማጣራት የቀለለ ነው።

ውል ስትፈርሙ በተለምዶ ከመያዣው አሥር በመቶ ቀብድ ትከፍላላችሁ፤ ቀሪውን በምትገቡበት ቀን። ገንዘቡ የሚገባው በመዝገቡ ላይ ስሙ በሰፈረው ባለቤት የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ለወንድሙ፣ ለሚስቱ፣ ለ«አስተዳዳሪው» አይሆንም። መታወቂያውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ። አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ለውጭ ዜጋ በአዲስ የተከፈተ ሒሳብ የዕለት ማስተላለፊያ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። ቀሪውን ለመክፈል በጠዋት ተነስታችሁ ስልኩ እንቢ ሊላችሁ ስለሚችል፣ ውሉን ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ባንክ ሂዱና ጣሪያውን አስነሱ።

አሁን ወረፋ ስለመያዝ። የገባችሁ ዕለት፣ ዕቃው ገና በካርቶን እንዳለ፣ የሰፈሩን ዶንግ ጽሕፈት ቤት፣ የእኛን ወረዳ በሉት፣ ትሄዳላችሁ። ሁለት ነገር ይደረጋል። የአድራሻ ለውጥ ታስመዘግባላችሁ፤ ለውጭ ዜጋ ይህ ለኮሪያዊ የነዋሪነት ምዝገባ ከሚሰጠው ጋር እኩል ኃይል አለው። ውላችሁ ላይ ደግሞ ሁዋክጆንግ ኢልጃ የሚባለውን የቀን ማኅተም ታስመታላችሁ። እነዚህ ሁለቱ ካሉና በቤቱ ውስጥ ከኖራችሁ ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥ በቀናችሁ ቅደም ተከተል ወረፋ ይኖራችኋል። መያዣው ከ60 ሚሊዮን ወይም ወርሃዊው ከ300 ሺህ ዎን ከበለጠ ውሉን በ30 ቀን ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ከሰኔ 2025 ወዲህ ቅጣትም አለው። ያንን ስታደርጉ የቀን ማኅተሙ አብሮ ይሰጣል።

ሕጉ ግን አንዲት ቀዳዳ አለችው። የተከራይ ምዝገባ የሚጸናው ማግስቱ ከሚጀምርበት እኩለ ሌሊት ወዲህ ነው፤ የባንክ ዕዳ ምዝገባ ግን በዚያው ቀን ይጸናል። ስለዚህ ክፉ አከራይ እናንተ በምትገቡበት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱን ቢያስይዝ ባንኩ ይቀድማችኋል። መድኃኒቱ በውሉ መጨረሻ ባለው የልዩ ስምምነት ቦታ «አከራዩ ተከራዩ ከገባበት ቀን ማግስት በፊት ቤቱን ላያስይዝ፣ ቢያስይዝ ውሉ ፈርሶ መያዣው ሊመለስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማስገባት ነው። ደላሎቹ ያውቁታል፤ ካልጠየቃችሁ አይጽፉትም። መዝገቡንም ከመፈረማችሁ በፊት፣ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊትና ከገባችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና እዩት። 700 ዎን እኮ ነው።

በሴኡል መያዣው ከ165 ሚሊዮን ዎን ያልበለጠ ተከራይ፣ ቤቱ ሐራጅ ቢወጣ፣ እስከ 55 ሚሊዮን ድረስ ከባንኩም ቀድሞ ይቀበላል። ይህ መጠን ከ2023 ወዲህ የተያዘ ቤት ላይ ነው የሚሠራው፤ የባንኩ ዕዳ ከዚያ በፊት የተመዘገበ ከሆነ በዚያ ጊዜ የነበረው አነስተኛ ጣሪያ ይታያል። የጆንሴ መያዣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚበልጥ ነው እኔ ለመጤ ሰው ጆንሴን የማልመክረው። በእኔ አካባቢ መያዣውን በአሥር ሚሊዮን ስትጨምሩ ወርሃዊው በ50 ሺህ ያህል ይቀንሳል፤ በዓመት ስድስት በመቶ መሆኑ ነው። ከባንክ ወለድ ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ አይጠፋም። ኮሪያውያኑም ፊታቸውን እያዞሩ ነው፤ በአገር ደረጃ ከአዳዲስ ውሎች ከግማሽ በላይ ወርሃዊ ሆነዋል። ጆንሴ የሚገባ ካለ ግን የመንግሥቱ የቤት ዋስትና ኮርፖሬሽን ቤቱን ለመያዣ ኢንሹራንስ እንደሚቀበለው ሳያረጋግጥ አይፈርም። ኮርፖሬሽኑ የማይቀበለው ቤት እናንተም የማትቀበሉት ነው።

ስለ ቤቱ ራሱ ባጭሩ። ጎሺዎን መያዣ የማይጠየቅበት፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ክፍል ነው፤ ለወር ለሁለት ወር መሸጋገሪያ ይሆናል። ባንጂሃ የሚባለውን ግማሹ ከመሬት በታች ያለ ቤት፣ ርካሽም ቢሆን፣ ተዉት። በነሐሴ 2022 ጎርፍ ግዋናክ ወረዳ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እንዳለ ነው የሞተው። ከኢቴዎን ጀርባ ያለው ቦግዋንግ፣ የአፍሪካውያን ርካሽ ሰፈር የነበረው፣ ለመልሶ ማልማት ነዋሪው ወጥቷልና የድሮ ምክር ይዛችሁ እዚያ አትድከሙ። ግዋልሊቢ የሚባለው ወርሃዊ የሕንፃ ክፍያ ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ኪራዩን ዝቅ አድርጎ ይህንን የሚቆልል አከራይ አለ። ወለሉ በጋዝ ስለሚሞቅ የጥርና የየካቲት ሒሳብ ያስደነግጣል። ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቡና ስትቆሉ ደግሞ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ የጭስ ማንቂያው ጣሪያው ላይ የት እንዳለ አይታችሁ ይሁን፤ የእኔ ጎረቤቶች ከኢትዮጵያ ቡና ጋር የተዋወቁት በመንገድ ላይ በፒጃማ ቆመው ነው።

መውጫው ከመግቢያው ይከብዳል። ውሉ ከማለቁ ከሁለት ወር በፊት እንደምትወጡ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የስልክ መልእክትም ይበቃል፣ አከራዩ የሰጣችሁን መልስ አስቀሩ። ካላሳወቃችሁ ውሉ በራሱ ይታደሳል፤ ያኔም ቢሆን በፈለጋችሁ ጊዜ ማቋረጥ ትችላላችሁ፣ የሚጸናው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው። መቆየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከ2020 ወዲህ ተከራይ ለአንድ ጊዜ ለሌላ ሁለት ዓመት የማሳደስ መብት አለው፣ ጭማሪውም ከአምስት በመቶ አይበልጥም። ወደ አዲስ አበባ ስደውል የቤት ኪራይ አዋጁን አንስተን እናወራለን፤ እዚያም በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓመተ ምሕረት አዋጅ ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት ሆኗል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ተደርጓል። ሕግ ወረቀት ላይ ሲኖርና ተከራይ ሲያውቀው ግን ልዩነት አለው።

የእኔ አከራይ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ «አዲስ ተከራይ ሲገባ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ይህን አባባል ሁሉም ይለዋል። የሕግ መሠረት የለውም፤ አዲስ ሰው ማግኘት የእሱ ጣጣ ነው። በዚያ ጊዜ የማይደረገው ነገር ገንዘቡን ሳይቀበሉ አድራሻን ወደ አዲሱ ቤት ማዛወር ነው፤ ወረፋው የሚጠፋው ያኔ ነውና። ፖስታ ቤት ሄጄ ይዘቱ ተመዝግቦ የሚቀር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላክሁ። ከተማሪነቴ ጊዜ የማውቀው ኮሪያዊ ጓደኛዬ አረመልኝ፤ በስልክ ቁጥር 132 የሚገኘው የሕግ ድጋፍ ኮርፖሬሽን ደግሞ ነጻ ምክር ይሰጣል። ደብዳቤው ላይ በቀነ ገደቡ ካልተከፈለኝ ለፍርድ ቤት የተከራይነት መብት ምዝገባ እንደማመለክት ጻፍሁ። ይህ ትእዛዝ አንዴ መዝገቡ ላይ ከሰፈረ ተከራዩ ቢወጣም ወረፋው እንዳለ ይቆያል፣ ቤቱም ዕዳ የሚታይበት ስለሚሆን አዲስ ተከራይ ይሸሸዋል። አከራዬ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቅ ነበር። ገንዘቡ በቀነ ገደቡ ውስጥ ሒሳቤ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታ የለንም።

አገር ለቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቁልፉን የምታስረክቡበትንና ገንዘቡ የሚገባበትን ሰዓት አንድ አድርጉ፤ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ይመረጣል። የጋዝ ኩባንያው በዕለቱ ቆጣሪውን አንብቦ ይዘጋል፣ ደረሰኙን ለአከራዩ አሳዩ። የባንክ ሒሳባችሁን ደግሞ መያዣው ገብቶ ወደ ውጭ ሳይተላለፍ አትዝጉ፤ የነዋሪነት ካርዳችሁን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ካስረከባችሁ በኋላ ከአዲስ አበባ ሆኖ የኮሪያን ባንክ ማስተናገድ ለጠላትም አይመኙት።